የሶፊያ ግስ

ባለፈው ሳምንት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ሜሮን የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ከፊቴ ዘርግታ፣ «አባባ፣ ጊቭ አፕ ማለት ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የሚያስቸግር አልነበረም። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቋንቋ ያጠናሁ፣ ከዚያም የሥራ ዘመኔን በሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ፤ መልሼ አደረግኩ፤ አፌንም ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም።

«አያውቁትም እንዴ?» አለች በመገረም።

«አውቀዋለሁ። ግን የኔ አይደለም።»

«ቃልም የሰው ንብረት ይሆናል?» ብላ ሳቀችና ስልኳን አነሣች። «ይተዉት በቃ፣ ይሄ ይነግረኛል።»

«አስቀምጪው» አልኳት። «ባለቤቷ በሕይወት አለች። እሷ እያለች ስልክ አይናገርም።»

ልጅቷ የእርጅና ነገር ሳይመስላት አልቀረም። ጡረታ ወጥቼ ወደ ጭሮ ከተመለስኩ ወዲህ በትንሹም በትልቁም እንደምከራከር በቤቱ የታወቀ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ፣ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ትባል ወደ ነበረበት ዘመን መመለስ ነበረብኝ።

ዛሬ ከደጄ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ባጃጁ፣ ሚኒባሱና ባለ ፎቁ ሆቴል ዓይኔን ይሞሉታል። ያኔ ከተማዋ ማለት አንድ መንገድ ነበረች። መንገዱ ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ የጭርጨርን ተራሮች እየተጠማዘዘ ይወጣና በመካከላችን አልፎ ወደ ሂርና፣ ከዚያም ወደ ሐረር ይዘልቃል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ካሚዮኖችም ነግቶ ሳለ መብራታቸውን አብርተው፣ ከጉሙ ሆድ ውስጥ እያቃሰቱ ብቅ ይላሉ። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ሳምቡሳም አምስት ሳንቲም ነበር፤ በኪሱ ስሙኒ የያዘ ተማሪ ጓደኞቹን ጋብዞ እንደ ጌታ ይኮራል። መስጊዱ አጠገብ ካለው በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ የካኪ ቁምጣችንን ሁልጊዜ ከልካችን አስፍቶና አስረዝሞ ይሰፋና ስናማርር «ታድጋለህ!» ይለናል። እኛም ትእዛዝ እንደ ተቀበለ ሰው ለማደግ እንጣደፍ ነበር። የነጋዴ ልጅ ሸራ ጫማ፣ የቀረው በረባሶ ያደርጋል። ከቡና ቤቱ ሬዲዮ ከባሕር ማዶ ከኤደን የሚመጣ የዐረብ ዘፈን እየራቀና እየቀረበ ይሰማል። የኦሮምኛውን ዘፈን ግን ሬዲዮ አላስተማረንም፤ ጫት የሚጭኑት ሠራተኞች እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ከአፋቸው ነው የለቀምነው፤ ዛሬም ሳላስበው በዝናብ ቀን ይመጣብኛል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ሥዩም ሐረር ሠልጥነው የመጡ፣ ቀጭን፣ ግራጫ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ሆነው እንደ አንድ የሚያገለግሉ ግሶች አሉት፤ እሳቸው «ባለ ጅራት ግሶች» ይሏቸው ነበር። «ግሱን ብቻውን ታውቁታላችሁ» ይሉናል ጠመኔያቸውን እያወዛወዙ፤ «ጅራቱን ስትቀይሩበት ግን ሌላ እንስሳ ሆኖ ያመልጣችኋል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ያዙልኝ።» አባባላቸው የምር ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በተጠቀለሉ ብጣሽ ወረቀቶች ይሞሉና በየወንበሩ ያዞራሉ። ተማሪው ያወጣው ግስ እስከ ሰኔ የእሱ ነው። ግሱ በንባብ ውስጥ በመጣ ቁጥር ባለቤቱ ብቻ ተነሥቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ትርጉሙን ይናገራል። ምሳሌውም ከመጽሐፍ የተቀዳ እንደ ሆነ አይቆጠርለትም፤ ከገበያው፣ ከመናኸሪያው፣ ከጎረቤቱ በዓይኑ ያየው መሆን አለበት። የሌላውን ግስ አንሥቶ የተረጎመ ደግሞ «ቀማኛ» ይባላል። ይህ ስም ከአለንጋ ይልቅ ያስፈራን ነበር። ከሚኤሶ የመጣው የባቡር ሠራተኛ ልጅ ታደሰ አንድ ጊዜ የጎረቤቱን ግስ በችኮላ ተርጉሞ እስከ ፋሲካ «ቀማኛው ታደሰ» ሲባል ኖሯል።

ለእኔ የደረሰኝ ሉክ አፍተር ነበር፤ መጠበቅ፣ መንከባከብ ማለት ነው። ፍየል ጠባቂውን፣ ሕፃን አዛይዋን፣ የመጋዘኑን ዘበኛ ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ስለ ከረምኩ ዘበኛው በመጨረሻ «አንተ ልጅ፣ ልትሰርቀኝ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጌት አፕ፣ ማለትም ከእንቅልፍ መነሣት፣ ከክፍሉ ሁሉ እንቅልፋም ለነበረው ለታደሰ ወጣ፤ መምህር ሥዩም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጊቭ አፕን ያወጣችው ሶፊያ ነበረች።

ሶፊያ ዩሱፍ የሂርና ልጅ ናት። የአገሯ ትምህርት ቤት በዚያ ጊዜ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና አባቷ አሰበ ተፈሪ ካለችው እኅታቸው ቤት አስቀምጠው ያስተምሯት ነበር። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ አበባ ያለበት ሻሽ የምታስር፣ ሲያሾፉባት ሁለት እጥፍ አድርጋ የምትመልስ ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ፈታ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

«ቲቸር፣ ይሄ የሽንፈት ቃል ነው። ይቀየርልኝ።»

«ገና አላወቅሽውም» አሏት መምህር ሥዩም። «እስከ ሰኔ አብረሽው ኑሪና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

አብራው ኖረች። መጀመሪያ ያመጣችው ዳቦ ጋጋሪውን ነበር፤ ካርታ መጫወት እርግፍ አድርጎ መተዉን፣ የሰፈሩም ሚስቶች ሁሉ ባሎቻቸውን በእሱ ስም እንደሚወቅሱ ነገረችን። በሌላ ጊዜ አውቶቡስ ላይ አንድ ወታደር ለነፍሰ ጡር ሴት መቀመጫውን ሲለቅ አይታ መጣች። ከሁሉ የማይረሳኝ የበግ ሌባው ነው። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ዱላ ይዞ ሲያባርረው ሌባው በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እጁን ሰጠ። ሶፊያ ሁለት እጆቿን ወደ ጣሪያው አንሥታ በሌባው ድምፅ «ኧረ በአላህ፣ ቶሎ እሰሩኝ!» ብላ ስትጮኽ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አየሽ?» አሏት መምህሩ። «አንዳንድ ጊዜ ነፍስም ያድናል።»

«ለሌባ ነዋ፣ ቲቸር!»

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ። እናቷ ውኃ ቀድተው ዳገት ሲወጡ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። አባቷ በሂርና መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላቸው፤ ከልጆቹ ታላቋ እሷ ናት። «እግሩ እስኪጠገን ነው» ብለን ነበር፤ ሳምንታቱ ግን ተከታትለው ሄዱ። ያለንበት ስምንተኛ ክፍል በሰኔ የመንግሥት ፈተና አለው፤ ፈተናውን ያላለፈ ወደ ሁለተኛ ደረጃ አይገባም። አንድ ዓመት ቤት የዋለች ልጃገረድን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠብቃት ሽማግሌ እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚያደርገውን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በዚያ ሰሞን የምናነበው ምንባብ ጀልባቸው በማዕበል ስለ ተወሰደባቸው ዓሣ አጥማጆች ነበር። ገጹ መካከል ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዋን ሲፈልጉ ውለው ተስፋ ወደ መቁረጥ ይደርሳሉ፤ ቃሉም ጊቭ አፕ ነው። የሚያነበው ልጅ እዚያ ሲደርስ ቆመ። መምህር ሥዩም ቀና ብለው ባዶውን ወንበር አዩ። ዘልለን እንድንሄድ ሊያዝዙ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። «እንግዲህ ዓሣ አጥማጆቹ ይጠብቁናል» አሉና ገጹን አጥፈው መጽሐፉን ዘጉ፤ እኛም እንዲሁ። በየዕለቱ ሌላ ትምህርት እንማራለን፤ ወደ ምንባቡ ግን አንመለስም። ታደሰ በየጠዋቱ «ዓሣ አጥማጆቹ እስካሁን በረሃብ አልቀዋል» እያለ ያላግጣል፤ ማንም ግን ገጹን አልገለጠም።

እንዲህ እንዳለን ከሐረር የትምህርት ኢንስፔክተር መጡ። ጥቁር መነጽር፣ ከረባት፣ ደጅ ላይ አቧራ የለበሰች ላንድሮቨር። የአንዱን ተማሪ መጽሐፍ አንሥተው የታጠፈውን ገጽ ገለጡና «ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ብቻ ነው የደረሳችሁት?» ብለው ንባቡን እንድንቀጥል አዘዙ። አንባቢው ያችው ቃል ላይ ሲደርስ አስቆሙት።

«ጊቭ አፕ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሁላችንም ወደ ባዶው ወንበር ዞርን። መምህር ሥዩም ፊታቸው አመድ መሰለ። ኢንስፔክተሩ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አንተ! አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ ተነሥቼ። «ነገር ግን መናገር አልችልም። የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የሶፊያ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሶፊያስ የት አለች?»

«ሂርና።»

ወደ ሌላው ዞሩ፤ ያው መልስ። ወደ ሦስተኛው ዞሩ፤ ያው። ቀማኛ መባልን የደፈረ አልነበረም፤ መምህራችንን እያስወቀስን መሆኑ እንኳ ትዝ ያለው የለም።

«መምህር» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ «ይህ የእንግሊዝኛ ክፍል ነው ወይስ የርስት ችሎት?»

መምህር ሥዩም ሥርዐቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ታደሰ እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ሲመለሱ በሂርና ስለሚያልፉ ራሷን ቢጠይቋትስ?»

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ታደሰን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «የአንተስ ግስ የትኛው ነው?»

«ጌት አፕ፣ ጌታዬ።»

«በል አሳየኝ።»

ታደሰ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አንኮራፋ፤ አባቱን መስሎ ራሱን ጠራ፤ ራሱን መስሎ ተነጫነጨ፤ የሚኤሶን ባቡር መስሎ ጮኸ፤ በመጨረሻ ዓይኑን እያሸ ተነሣና ቀጥ ብሎ ቆሞ ትርጉሙን በጠራ እንግሊዝኛ ተናገረ። ኢንስፔክተሩ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲመለሱ ጠየቁ፤ «የልጅቷን ቤት የሚያውቅ አለ?» የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ከአባቴ ጋር በካሚዮን ስናልፍ እዚያ ሻይ ጠጥተናል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ላንድሮቨር የተሳፈርኩት እንግዲህ አንዲት ቃል ፍለጋ ነው፤ ኢንስፔክተሩ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔና መምህር ሥዩም ከኋላ፣ በጫት እርከኖች መካከል እየተንገጫገጭን።

የአቶ ዩሱፍ ሻይ ቤት በቆርቆሮ የተከደነ፣ ደጁ በካሚዮን የተሞላ ነበር። አቶ ዩሱፍ ሽርጣቸውን እያጠበቁ ወጡ። በእኛ በኩል ሰው የሚከበረው በአቀባበል እንጂ በአንቱታ አይደለምና ኢንስፔክተሩን እንዲህ ሲሉ ተቀበሏቸው፤

«አቦ፣ መንግሥት ራሱ መጣ! ግባ፣ ግባ! ሻይ ነው ቡና?»

«ልጅዎን አንድ ነገር ልጠይቃት ነው።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እሷ ዘንድ ቀርቷል። ክፍሉ ያለ እሷ መሄድ አልቻለም።»

«ወላሂ? ለአንድ ቃል ነው መኪና የነዳኸው?»

ሶፊያ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። እኛን ስታይ ደነገጠች። ኢንስፔክተሩ ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ በሾፌሮቹ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረች፤ ልማድን መተው፣ መቀመጫን ለሌላ መልቀቅ፣ እጅን መስጠት፣ ተስፋ መቁረጥ። ምሳሌዎቿ ግን እኛ ክፍል ውስጥ የሰማናቸው አልነበሩም፤ አዲስ ነበሩ።

«እዚያ የተቀመጠው ሾፌር ሞተሩ ሲበላሽበት ሁሉም ‘ተወው’ ቢለውም ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሎ አስነሣው፤ ስለዚህ እሱ ጊቭ አፕ አላለም። አጠገቡ ያለው ደግሞ በየሳምንቱ ጫት ትቻለሁ ይለናል።»

«ዛሬ ግን የምሬን ነው!» አለ ሰውየው ጉንጩ እንዳበጠ፤ ሾፌሮቹ አውካኩ።

«የመጨረሻው የአባቴ ነው። እናቴ ከወደቀች ወዲህ ሲጋራ ትቷል። በሲጋራው ፈንታ ወተት ይገዛላታል።»

«አቦ!» አሉ አቶ ዩሱፍ። «እሱንም ለመንግሥት ተናገርሽ?»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ከትምህርት ቤት ከቀረሽ በኋላ ምሳሌ መሰብሰብሽን ቀጥዪ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም። ግሱ እስከ ሰኔ የኔ ነው» አለች።

ኢንስፔክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አቶ ዩሱፍ፣ ማዘዝ አልችልም፤ ልጅዎ ናት። ፈተናው ግን ሰኔ ላይ ነው» አሉ።

«እናቷ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ አልጋ ላይ ናት» አሉ አቶ ዩሱፍ፣ ቀልዳቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቶ። «እሷን ላንሣ ወይስ ሻይ ላዙር? ያለኝ ሁለት እጅ ነው።»

በዚህ ጊዜ ሞተሩን ታግሎ ያስነሣው ሾፌር፣ ቦርጫም የድሬዳዋ ሰው ነው፣ እያቃሰተ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ሄደ። ጀበናውን ትቶ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣና ለራሱ ቀዳ። «ዩሱፍ፣ እኔም ሁለት እጅ አለኝ» አለ። ጫት ትቻለሁ ባዩ ተከተለው። ከዚያም ሌላው።

«ብርጭቆውንም እንጠብልህ?»

«አንተ? ትሰብረዋለህ!»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከአልጋው በኩል፣ እስከዚያ ሰዓት ያልሰማነው የሴት ድምፅ መጣ። «ሐ ዴምቱ!» አለ። ትሂድ ማለት ነው፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ቃሉ የማይገባው ሰው አልነበረም። አቶ ዩሱፍ ወደ መጋረጃው፣ ወደ ሾፌሮቹ፣ በመጨረሻም ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። ትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በገዛ እጃቸው ያዙትና፣ «ቅዳሜ ካሚዮን አለ» አሏት።

ቅዳሜ መጣች። እስከ ሰኔ ድረስ በዚያ ሻይ ቤት ሾፌር ራሱ እየቀዳ፣ ራሱ እያጠበ ጠጣ፤ የአቶ ዩሱፍን ቤት የማያውቅ እንግዳ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ከየጠረጴዛው «እጅ የለህም?» ይሉት እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ሰኞ ጠዋት መምህር ሥዩም የታጠፈውን ገጽ ገለጡ። አንባቢው ያችው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ሶፊያ ተነሣች። ክፍሉ ሁሉ አብሮ የተነፈሰውን ትንፋሽ ዛሬም እሰማዋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹም በዚያው ሰኞ ጀልባቸውን አገኙ።

በሰኔ ከፈተናው ማግሥት መምህር ሥዩም «እንግዲህ ይቀየርልሽ?» ብለው ጠየቋት። «አይ፣ ቲቸር፤ ለምጄዋለሁ» አለች። ፈተናውን አለፈች፤ ሐረር ገባች፤ ከዚያም ድሬዳዋ ላይ የስንቱን ልጅ እንግሊዝኛ አቀናች። መምህር ሥዩም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። የልብስ ሰፊው በረንዳ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ነው፤ ሂርና ላይ ደግሞ ሚኒባሱ ለሻይ እንኳ ሳይቆም ያልፋል። የካኪ ቁምጣው ግን የተባለውን አድርጓል፤ አድገናል።

ይህን ሁሉ ስናገር ሜሮን ስልኳን ይዛ፣ ነገር ግን ሳትነካው አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ «ቁጥሯ አለዎት?» አለች። ነበረኝ፤ በየበዓሉ እንደዋወላለን፣ እኔ በእነሱ ዒድ፣ እሷ በእኛ ፋሲካ። ሜሮን ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሶፊያ፣ የልጅ ልጄ ጊቭ አፕ ምን ማለት ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር።»

«ነገርካት?»

«ልቀማሽ?»

ያች ጎርናና ድምፅ ሳቀች። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልነሣ» አለች። ወንበር ሲገፋ፣ ከዘራ ወለሉን ሲነካ ተሰማን። ሜሮን ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ እኔ ግን ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘኋት። ሶፊያ ቆማ ትርጉሞቹን አንድ በአንድ፣ በተለመደው ቅደም ተከተል ተናገረች። ምሳሌዋም አዲስ ነበር፤ ጎረቤቷ የሆነውና ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቶ የነበረው ወጣት በማታው ክፍለ ጊዜ ተመዝግቧልና እሱ ጊቭ አፕ ካሉት ወገን ወጥቷል አለች።

«አንቺስ፣ የኔ ልጅ?» ስትል ጨመረች። «ያንቺ ግስ የትኛው ነው?»

ሜሮን መጽሐፏን ወደ ራሷ ሳበችና ገጾቹን ትገልጥ ጀመር፤ ጣቷ ከመስመር መስመር ሲወርድ፣ አንዱ ላይ ሲዘገይ፣ ትቶት ሲያልፍ አየሁ። ከስልኩ ውስጥ የተገፋው ወንበር ሲመለስ አልተሰማም።

«ረጋ ብለሽ ምረጪ» አልኳት፤ «ግን እንዳትቆዪ። ሶፊያ አልተቀመጠችም።»